ስልኩ እኔ ጋ ነበር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ወጥቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ አባቴ ደወለ። አባቴ መልእክት ይልካል እንጂ ስልክ አይወድም። ሲደውል ወይ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል።

«አበዛሽ አርፋለች» አለኝ። «ትናንት። ኩላሊቷ ነው። ነገ ይቀብሯታል።»

አበዛሽ የእናቴ ታናሽ እህት ነበረች፣ አዳማ የምትኖር። እሷና እናቴ ከተነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«ለእማ ነገርካት?»

«አብደሻል እንዴ? ሰው ሳይሰበሰብ? የሂውስተን ዘመዶቿ የሚደርሱት ቅዳሜ ነው። ሶ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ከቤት ይዘሻት ውጪ። ያ የግብፅ ሙዚየም አሁንም አለ አይደል? እዚያ ውሰጃት። ስልኳን ደግሞ…»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። «ስልኳን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥር ቴክሳስ፣ ሌዊስቪል ከተማ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ክፍል ያላት አፓርታማችን ውስጥ ነው። አባቴ ምናሴ ያኔም ሹፌር ነበር፤ ሰው ወደ ኤርፖርት ያመላልሳል። እናቴ ምሥራቅ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። ከሥራ በተረፋት ሰዓት ነርስ ለመሆን አምስት ዓመት ተምራ ጨረሰች፤ የላይሰንስ ፈተናዋ ለአንድ የሚያዝያ ዓርብ ተቀጠረ። የዚያው ሳምንት ማክሰኞ አያቴ ከበቡሽ፣ የእናቴ እናት፣ አዳማ ላይ ሞተች።

ይህን አሁን ስለማውቀው እጽፈዋለሁ። ያኔ የማውቀው ሌላ ታሪክ ነበር፤ በጣም የሚያስደስት ታሪክ።

ማክሰኞ ማታ አባቴ በረንዳ ላይ ስልክ ሲያወራ ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ገባ። እናቴ ከመጽሐፏ ቀና ብላ «ምነው?» አለችው። «አለርጂ ነው፣ የዛፉ ብናኝ» አላት። በቴክሳስ ሚያዝያ የማያስነጥሰው ሰው ስለሌለ እናቴ «መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ አለ» ብላ ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። አባቴም የማያስፈልገውን ኪኒን ፊቷ ዋጠ። እኔም አለርጂ እንደሆነ አመንኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። ጋሽ መዝገቡና እትዬ ልዩ ሳሎናችን ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጋሽ መዝገቡ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ያለ ጸሎት ውሃ አይጠጡም። እትዬ ልዩ ደግሞ የእናቴ ጓደኛ ናት፤ ከእናቴ ጋር ስትገናኝ ሳቋ ከታች ፓርኪንግ ድረስ ይሰማል። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። እኔ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ ከስኳር ድንጋይ ፒራሚድ እሠራለሁ፤ የትምህርት ቤት ፕሮጀክቴ ነው። እነሱ ደግሞ ልጅ አማርኛ አይገባትም ብለው ይሁን ሳያስተውሉኝ፣ እላዬ ላይ ያወራሉ።

«መጀመሪያ ፈተናዋ ይለፍ» አሉ ጋሽ መዝገቡ። «አምስት ዓመት የለፋችበት ነው፤ እንዳይበላሽባት። ቅዳሜ ይሻላል።»

«ቅዳሜ ሰው ሁሉ ይገኛል» አለ አባቴ።

«ምግቡን እኛ ሴቶቹ እንከፋፈለዋለን» አለች እትዬ ልዩ። «ወንበር ከቸርች ይምጣ። መኪና ግን እዚህ በር ላይ ፓርክ እንዳያደርጉ። ካየች ትጠረጥራለች።»

«ዋናው አለመጠርጠሯ ነው» አሉ ጋሽ መዝገቡ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ባዳ ይሁን።»

ከዚህ ሁሉ የገባኝን ቆጠርኩ። ቅዳሜ። ሰው። ምግብ። ወንበር። እናቴ እንዳታውቅ። ከሁለት ወር በፊት የክፍል ጓደኛዬ የሊና እናት አርባ ዓመት ሲሞላት ልክ እንዲህ ተደርጎ ነበር፤ መኪና ሩቅ አቁመን፣ መብራት አጥፍተን፣ ሶፋ ጀርባ ተደብቀን ጠብቀናታል። ሊና ቤት ያየሁት እኛ ቤትም ሊደገም ነው። እናቴ ፈተናዋን ስትጨርስ ሰርፕራይዝ ፓርቲ ሊያደርጉላት ነው። ከደስታዬ ብዛት አንዱን የስኳር ድንጋይ በላሁት።

በየትኛው ሀገር ነው መርዶና ልደት እንዲህ አንድ ዓይነት ዝግጅት ያላቸው? የእኛ ሰዎች መርዶን ለሰው በስልክ አይነግሩም፣ ለብቻውም አይነግሩም። ሰው ሰብስበው፣ ወንበር ደርድረው፣ እህል አብስለው ነው። ደግ ልማድ ነው ይሉታል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አሜሪካ ያደግሁ ልጅ ነበርኩ፤ ሹክሹክታና ወንበር ሳይ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አንድ ችግር ነበረባቸው። ቅዳሜ ጠዋት እናቴን ከቤት የሚያወጣት ምክንያት ያስፈልጋል። እሱን ያመጣው ሲላስ ነው። ሲላስ ዴንተን ከተማ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ነበር፤ እሑድ እሑድ ለእኛ ለልጆቹ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምረናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ባለች ትንሽ የግብፅ ታሪክ ሙዚየም ጎብኚ ያዞራል። ሙዚየሟ ለሕዝብ ከመከፈቷ በፊት ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ለእኛ ብቻ ሊከፍትልን ተስማማ። ለእናቴ የተነገራት «ለሔራን ፕሮጀክት» ተብሎ ነው።

ለእኔ ተብሎ ሙዚየም ሲከፈት! ሐሙስን ሙሉ ለክፍል ጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ። ዓርብ ምሽት ለእናቴ ካርድ ሠራሁ፤ ቢጫ ፒራሚድ፣ ከላዩ ላይ ነጭ ካፕ ያደረገች ነርስ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘን። እናቴና እትዬ ልዩ ከፊት ሲገቡ እኔን ወደ ጎን ወሰደኝና በርከክ አለ።

«የእማን ስልክ አንቺ ያዢ። ጌም ልጫወትበት በያት። ማንም ኮል ቢያደርግ አታንሺ፤ ዝጊው። መልእክት ከመጣም ዲሊት አድርጊው። ሚስጥር ነው፣ ኦኬ?»

«ሰርፕራይዝ ነው?» አልኩት።

አባቴ የጃኬቴን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ። ጺሙን አልተላጨም ነበር።

«አዎ» አለኝ።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ሌላውን ሁሉ ፈርቶ ነው፣ ከልማድ ነው፣ ሽማግሌ ተቆጥቶት ነው ብዬ ልተውለት እችላለሁ። ያቺን «አዎ» ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ልጅ ጠይቆት ነበር እኮ።

ከግቢው ስንወጣ ጋሽ መዝገቡን አየኋቸው። ማዶ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ሚኒቫናቸውን አቁመው እስክንሄድ ይጠብቃሉ፤ ከኋላቸው የቸርች ወንበር እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። እጄን አወዛወዝኩላቸው። እኒያ የተከበሩ ሰው ወንበራቸው ሥር ዝቅ ብለው ተደበቁ። እስክንደርስ ድረስ እየሳቅሁ ሄድኩ።

እናቴ መንገዱን ሙሉ አወራች። አምስት ዓመት ዝም ብላ ያጠናች ሴት፣ አሁን የሚያስቆማት ጠፋ።

«ሰባ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ኮምፒውተሩ ይበቃል ብሎ ጥፍት አለ፣ ልዩ። ወይ አልፌያለሁ፣ ወይ ጭራሽ ወድቄያለሁ ማለት ነው። ግን አልፌያለሁ። ይሰማኛል። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የምደውለው ለእማዬ ነው። ‹ልጅሽ የሰው ገላ አጣቢ ሆና ቀረች› ብለው ሲያሟት የነበሩትን አንድ በአንድ ጠርታ ትነግራቸዋለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እትዬ ልዩ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች።

ሙዚየሟ በጥርስ ሐኪም ቤትና በጎማ መሸጫ መካከል ያለች ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት ናት። ሁለት ጡረተኛ ባልና ሚስት ናቸው ያቋቋሟት። እኔ የጠበቅሁት ቤተ መንግሥት ነበር፤ ሲላስ ግን በሩን ከፍቶ መብራቱን ክፍል በክፍል እያበራ ከፊታችን ሲሄድ ያ ቅሬታዬ ጠፋ። እኛ ስንገባ ይበራል፣ ስንወጣ ይጠፋል። ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ።

ሲላስ እሑድ እሑድ ቀልደኛ ነበር፤ የዮናስን ዓሣ ነባሪ ድምፅ እያስመሰለ ያስቀን ነበር። ያን ቀን አንድም ቀልድ አልተናገረም። ቁልፉን ሁለቴ ጣለው። ሥራ ላይ ስለሆነ ነው ብዬ ገመትኩ፤ ትልቅ ሰው ሥራ ላይ አይቀልድም። ሃያ ዓመቱ ነበር፤ አሁን የእኔ እኩያ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም ለሃያ ዓመት ልጅ ያሸከሙትን ሰዎች ሳስብ ይናደኛል።

በመጀመሪያው ክፍል ዓባይ ነበር፤ ገበሬዎች፣ የእንጨት ጀልባ፣ ሦስት ሺህ ዓመት የቆየ የደረቀ ዳቦ። እናቴ ዳቦውን አይታ «የእኛ መጦሪያ ቤት ቁርስ ይመስላል» አለች። ያኔ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አወጣሁት። የአክስቴ የአበዛሽ ፎቶ መጣ፤ ሰማያዊ መነጽር ያደረገችበት። አክስቴም ሰርፕራይዙን ልታበላሽ ነው ብዬ ቀዩን ተጫንኩ። ስልኩም ዝም አለ። የሆነ ትልቅ ሥራ እንደሠራሁ ተሰማኝ።

ሁለተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ከአንድ መቃብር የተቀዳ ሥዕል ነበር። ነጭ የለበሱ ሴቶች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ አንዳንዶቹ አናታቸው ላይ አፈር እየነሰነሱ ቆመዋል። ዕንባቸው በነጠብጣብ ተስሏል።

«ልዩ፣ ነይ እዪ» አለች እናቴ። «አስለቃሾች ናቸው እኮ። የእኛ ሰፈር ሴቶች ቁርጥ። ይቺን እዪያት፣ ደረቷን ልትመታ ስትል።» ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። «ሔራን፣ ስልኬን አምጪው። ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ልላክላት። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ደረት መምታት ትታለች እንጂ፣ ድሮ ከእሷ የሚበልጥ አልነበረም።»

እትዬ ልዩ ወደ እኔ አየች። ሲላስም አየኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር ከእኔ ሲጠብቁ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ባትሪው አልቋል» አልኩ።

«አሁን? በጌም ጨረስሽው አይደል?»

ይሄኔ ኪሴ ውስጥ መንዘር ጀመረ። እጄን ከተትኩና አፈንኩት። ድምፁ እንዳይሰማ ጮክ ብዬ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር መዘመር ጀመርኩ። እናቴ ሳቀች። «እዚህ ፈርዖን ቤት ነው የምትዘምሪው?» ብላ ጸጉሬን ዳበሰችኝ። ዞር ብዬ ሁለተኛውንም እስክዘጋው ድረስ ዘመርኩ።

አዳማ ላይ ያኔ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። አያቴን አራት ቀን ያቆዩአት አጎቴ ከጁባ እስኪደርስ ነው። አባቴ ለአክስቴ «ዓርብ ከፈተና እንደወጣች እነግራታለሁ፤ መምጣት ግን አትችልም» ብሏት ነበር። ስለዚህ አክስቴ ቅዳሜ ስትደውል እናቴ እንደሰማች እርግጠኛ ነበረች። የደወለችውም ከመቃብር ቦታው ነው። ስልኩን ወደ ሣጥኑ ልታስጠጋው፣ እናቴም የምትለውን እንድትልበት።

ሦስተኛው ክፍል በር ላይ ሲላስ ቆመ። «ይሄኛውን ብንዘለው ይሻላል፣ እትዬ ምሥራቅ። ለልጅ ይከብዳል።»

«ሙሚው እዚህ ነው?» አልኩ። «ፕሮጀክቴ እኮ ነው!»

«እሺ በላት» አለች እናቴ። «እኔ ስንት የሞተ ሰው አጥቤ አልብሻለሁ፤ እሷ ምን ያስፈራታል።»

ሲላስ መብራቱን አበራ። መስተዋት ውስጥ ሙሚዋ ተጋድማለች፤ እንዳይበሰብስ ደርቆ በጨርቅ የተጠቀለለ የትንሽ ሴት ሬሳ። ሲላስ የተጻፈውን አነበበልን፤ ስትሞት ሰባ ዓመት ገደማ እንደነበረች፣ ስሟ እንደማይታወቅ። ከዚያ በቃሉ ያጠናውን ለመጨረስ እንደሚቻኮል ተማሪ ነገረን፤ ጨው፣ ዘይት፣ ጨርቅ፣ ሁሉም ተደምሮ ሰባ ቀን።

«ሰባ ቀን?» አለች እናቴ። መስተዋቱን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ደጎች ናቸው። ሩቅ ያለም ይደርስ ነበር።» ከዚያ ቀጠለች፤ «ያዕቆብ ግብፅ ሲሞት እንዲህ አድርገውት አይደል? ዮሴፍ ፈርዖንን ለመነው፣ ሄጄ አባቴን ልቅበር ብሎ። ፈርዖን እንኳን፣ ያ ልበ ደንዳና ዘር፣ እምቢ አላለውም። ሂድና አባትህን ቅበር ነው ያለው።»

እትዬ ልዩ አለቀሰች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ሲላስ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እኔ ሙሚዋ ያስፈራቻት መስሎኝ እጇን ያዝኩና «አይዞሽ፣ አትነሳም» አልኳት። እናቴ ስታቅፋት «ምን ሆንሽ አንቺ?» እያለች ትስቅ ነበር። እየሳቀች የእሷኑ ለቅሶ የምታለቅስላትን ሴት አባበለች።

ስልኩ ሦስተኛ ጊዜ ነዘረ። ይሄኛው ረጅም ነበር። እነሱ ተቃቅፈው ስለነበር ማንም አላየኝም። ዘጋሁት። ወዲያው መልእክት ተከተለ። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ፣ አምስት ወይም ስድስት መስመር። ያኔ አማርኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም ነበር። አየሁት፣ አየሁት፤ ከስሜ መጨረሻ ያለችውን «ን» ብቻ ለየሁ። ከዚያ አጠፋሁት። አባቴ ያላዘዘኝንም ጨመርኩ፤ ወደ ጥሪዎቹ ዝርዝር ገብቼ ሦስቱንም ሰረዝኩ። ጎበዝ ልጅ ነበርኩ። ሥራዬን ግማሽ ላይ አልተውም።

ስንወጣ እናቴ መኪናው ውስጥ መስተዋቱን ወደ ታች ሳበችና በእሱ ውስጥ እኔን አየችኝ። እትዬ ልዩ ከሲላስ ጋር በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አውቄያለሁ እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አባትሽ ሚስጥር አይችልም። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን እያየ አያወራኝም። ለፈተናዬ ነው አይደል?»

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። እናቴ ሳቋን አፍና ከቦርሳዋ ሊፕስቲክ አወጣች። ቀይ ነው፤ ለሠርግ ካልሆነ አትቀባውም። እየተጠነቀቀች ተቀባች፣ ከንፈሮቿን ገጠመች። «አላወቀችም ብለሽ ሙቺ፣ እሺ?» አለችኝ።

ደረጃውን እኔ ቀድሜ ሮጥኩ። ካርዴን ከጃኬቴ ውስጥ አወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከፈትኩት፤ ወደ ውስጥ ሳላይ ወደ እናቴ ዞርኩ፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ሰርፕራይዝ!» አልኩ።

እናቴ በቀይ ከንፈሯ ፈገግ ብላ ገባች።

ፊኛ አልነበረም። ሶፋችን የለም፤ በቦታው የቸርች ወንበር በአራት ረድፍ ተደርድሮ ሰው ሞልቶበታል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ጋሽ መዝገቡ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መሐል ቆመዋል። አባቴ ግድግዳ ተደግፏል። ያ ፈገግታ ከእናቴ ፊት ወዲያው አልጠፋም። ሰዎቹን አንድ በአንድ እያየች፣ መሄጃ እንዳጣ ሁሉ ትንሽ ቆየ።

«ማነው?» አለች።

«እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር…» ብለው ጀመሩ ጋሽ መዝገቡ።

«ማነው አልኩ?»

«እናትሽ» አለ አባቴ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

እናቴ ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን በጣቷ ቆጠረች። «አልተቀበረችም በሉኝ» አለች። ጋሽ መዝገቡ «ዛሬ፣ በሰላም ተሸኝታለች» አሉ። እናቴ የእጇን ጀርባ በከንፈሯ ላይ አሻሸችው፤ ቀዩ እስከ ጉንጯ ተዘረጋ፤ እኔ የደማች መስሎኝ ጮህኩ። ከዚያ ጋሽ መዝገቡን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ፈርዖን እንኳን» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባን እኔና እትዬ ልዩ ብቻ ነበርን። ከዚያ ወደቀች፤ ሴቶቹም ከበቧት፤ እሷን ለመያዝ የተዘረጋው እጅ ሁሉ ከእኔ ሸፈናት። ካርዴ መሬት ላይ ተረግጦ ያገኘሁት እሑድ ነው።

ወደ ማታ ስልኳን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ወደ መኝታ ቤት ገብታ አዳማ ደወለች። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሰማሁ። መጀመሪያ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ እናቴ አዳመጠች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«መቼ? መቼ ደወልሽልኝ? ስልኬ ይኸው እጄ ላይ ነው፤ ምንም የለም። እኔ ዘጋሁብሽ? እኔ? ለዚያኛው ወንድምሽ ከጁባ እስኪመጣ ጠበቃችሁ፤ እኔን ግን አራት ቀን ደብቃችሁ ቀበራችሁብኝ፤ አሁን ደግሞ ደውዬ ነበር ትይኛለሽ። በእናቴ ሬሳ ላይ አትዋሺ፣ አበዛሽ።»

ተነስቼ አባቴ ጋ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ለብቻው ቆሞ ነበር። «አባዬ፣ አክስቴ እኮ ደውላ ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁት» አልኩት።

በርከክ አለ፤ እንደ ጠዋቱ። «ዝም በይ» አለኝ። «አሁን ሐዘኗ ላይ ሌላ ሐዘን አንጨምርባት። ሲበርድላት እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

እስካሁን አልበረደላትም መሰለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ አዳማ ሄደች፤ አያቴን ለማየት ከወራት በፊት በቆረጠችው ትኬት። ለአንድ ወር የወጣች በስድስተኛው ቀን ተመለሰች። መቃብሩ ላይ ከእህቷ ጋር ተጣልተው ነው የተለያዩት። አክስቴ ስልኩን እጆሮዋ ላይ የዘጋችባትን እህቷን ይቅር አላለችም፤ እናቴ የዋሸቻትን እህቷን ይቅር አላለችም። ውጤቱ መጥቶ ነበር፤ አልፋለች። ነርስ ሆነች። የምትደውልለት ግን አጣች።

በአሥራ ሁለት ዓመቴ ጋሽ መዝገቡ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ሲያስተምሩ ገብቼ በሁለት ወር ጨረስኩ። «ጎበዝ፣ የአገርሽን ቋንቋ ወደድሽ» አሉኝ። እኔ የፈለግሁት አንድ የጠፋ መልእክት ማንበብ ነበር። ፊደሎቹን ሁሉ አውቄ ስጨርስም መልእክቱ እንደጠፋ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ቤት ያደረ እውነት ሻገተ እንጂ አልጠራም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ነገር ግን ዘጠኝ ብቻ አልነበርኩም። አሥርም ሆኛለሁ፣ አሥራ አምስትም፣ አሥራ ዘጠኝም። በየዓመቱ እናቴ «ውሸታሟ እህቴ» ስትል ሰምቼ ወጤን ጎርሻለሁ። አባቴ በማዶ ተቀምጦ የእኔን ዓይን ይሸሻል፤ እኔም የእሱን።

ሐሙስ የአባቴን ስልክ እንደዘጋሁ ከምማርበት ከዴንተን ወደ ሌዊስቪል ነዳሁ። ቅዳሜን አልጠብቅም፣ ሁሉንም አሁኑኑ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ነው የምትቀበረው፤ ዛሬ ከሰማች ቢያንስ ሣጥኑ አጠገብ ስልክ ታስይዛለች። መንገዱን ሙሉ ጮክ እያልኩ ተለማመድኩት። እማ፣ አበዛሽ አርፋለች። እማ፣ አበዛሽ አልዋሸችም።

እናቴ ከሥራ መግባቷ ነበር። የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች። «በሐሙስ? ምነው፣ ክፍል የለሽም?» አለችኝ። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋና፣ አባቴ ያስያዘኝ ቃል ወጣ።

«እማ፣ ቅዳሜ ያ የግብፅ ሙዚየም እንሂድ?»

እጇ የጫማዋ ክር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ቀና አለች። ከደረት ኪሷ ስልኳን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ፊት አስቀመጠችው።

«ማነው?» አለች።

ስልኩን አልነካሁትም። «አበዛሽ» አልኩ። «ትናንት። ገና አልተቀበረችም፤ ነገ ነው።»

እናቴ አላለቀሰችም። ጠረጴዛውን ታያለች። ከዚያ ሌላውን ነገርኳት፤ አባቴን ሳልደብቅ፣ ራሴንም ሳልደብቅ። ስልኩ እኔ ጋ እንደነበረ። ደውላ እንደነበር። የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ መልእክቱንም እኔ እንዳጠፋሁት፣ የጥሪዎቹንም ዝርዝር። ማቀዝቀዣው ሲጮህ ሲቆም፣ ሲጮህ ሲቆም ይሰማኛል።

«ስንት ጊዜ?» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ስንት ጊዜ ደወለች?»

«ሦስት» አልኩ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«ሦስት ነው ያለችኝ» አለች።